ጥሩምባው ለቦዩ የተነፋ ዕለት

ለአምስተኛ ክፍል ልጆች የውኃን ዑደት ሳስተምር የኖርኩ ሴት ነኝ። ውኃ ከሐይቅ ተንኖ ደመና እንደሚሆን፣ ደመናው ተራራ ላይ እንደሚዘንብ፣ ዝናቡም ተመልሶ ወደ ሐይቅ እንደሚወርድ በሰማያዊ ጠመኔ ቀስት እየሳልኩ አስረዳለሁ። "ገባችሁ?" እላለሁ፤ "አዎ ቲቸር!" ይሉኛል፤ ጠመኔዬን አራግፌ እወጣለሁ። እኔ ራሴ ግን በግቢያችን ደጅ የሚያልፈው ቦይ ከመታጠፊያው በኋላ የት እንደሚሄድ አላውቅም ነበር። ይህን ሳምን አፍራለሁ፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ሰፈራችን ከጎንደር ዳገታማ ሰፈሮች አንዱ ነው። ከላይ እኛ አለን፤ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በንግድ የኖርን የሙስሊም ቤተሰቦችና አብረውን ልጅ ያሳደጉ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን። የድንጋይ አጥርና የብረት በር ያለን ሰዎች ነን። ከታች፣ ዳገቱ አልቆ አስፋልቱ ጋ ሲደርስ፣ ከድብ ባሕርም ከአይከልም ኑሮ ያመጣቸው ሰዎች በጭቃ ቤት ይኖራሉ። ቦዩ ከላይ ተነሥቶ በየደጃችን ያልፍና አስፋልቱ ሥር በተቀበረ ትልቅ ቱቦ ገብቶ ወደ ቀሃ ወንዝ ይወርዳል። ቆሻሻችንን እዚያ ውስጥ እናራግፍና "ዝናብ ይወስደዋል" እንል ነበር። እናቴም እንዲሁ ትል ነበር። ወዴት ነው የሚወስደው ብሎ የጠየቀ ሰው ትዝ አይለኝም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ግንቦት ላይ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተማሪዎችን ይዤ ወጣሁ። ከትምህርት ቤታችን ጓሮ ጀምረን ቦዩን ተከትለን እስከ መጨረሻው ልንወርድ፣ ያየነውን በደብተር ልንጽፍ ነው። በእኛ ደጅ ስናልፍ ልጆቹ "የቲቸር ቤት!" እያሉ ተጠቃቀሱ፤ እኔም ኮራ ብዬ አለፍኩ። ኩራቴ ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም።

ቱቦው አፍ ስንደርስ ቱቦው የለም። ያለው ክምር ነው፦ ፌስታል፣ የጫት ገረባ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የውኃ ፕላስቲክ፣ የፍራሽ ጥጥ፣ አንድ እግር የሴት ጫማ። ከክምሩ ጥግ አንዲት ጎጆ ከነጎመን መደቧ ተወሽቃለች። ልጆቹን "በእንጨት እያገላበጣችሁ ዓይነቱን መዝግቡ" አልኳቸው። ጥቂት ቆይቶ አንዷ ልጅ ከእንጨቷ ጫፍ ላይ የታጠፈ ወረቀት አንሥታ "ቲቸር፣ ይሄ የእርስዎ ፊርማ ነው!" ብላ ጮኸች።

እውነትም የእኔ ነበር። ከዓመት በፊት ያረምኩት ፈተና፣ በቀይ እስክሪብቶ ከአሥር ሁለት የሰጠሁበት። ባለቤቱ እዚያው ከእኛ ጋር ስለነበረ ቀምቶ ኪሱ ከተተው። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ያ ሳያልቅ ቢጫ ፌስታሎች መውጣት ጀመሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ አሥር። ጎንደር ውስጥ በዚያ ቢጫ ፌስታል ጨርቅ የሚሸጥ አንድ ሱቅ ብቻ ነው፤ እሱም የታላቅ ወንድሜ ነው። ፊቴ ምን እንደመሰለ እኔ አላየሁትም፤ ልጆቹ ግን ሳቃቸውን በአንዴ አቆሙ።

ጎመኗን ውኃ ታጠጣ የነበረችው የጎጆዋ ባለቤት ጀሪካኗን አስቀምጣ መጣች። የእኔ እኩያ ናት፤ ከድብ ባሕር በላይ ካለ ገጠር ነው የመጣችው፤ ጎመንና የጎመን ችግኝ እየሸጠች ትኖራለች። ወረቀቱን፣ ፌስታሉን፣ እኔን ተራ በተራ አየችና፣

"ሸጋ ነው" አለች። "ይኸን ሁሉ ዘመን ስትልኩልኝ ላኪውን አላውቅም ነበር።"

እኔ መልስ የማጣ ሰው አይደለሁም፤ ቤተሰቤ ቁጣዬን ስለሚያውቅ "በርበሬ" ነው የሚለኝ። ያን ቀን ግን በርበሬው ወደ ራሴ ዐይን ገባ።

ቁጭ ብለን አወራን። ያለፈው ሐምሌ ቱቦው ተደፍኖ ውኃው ቤቷ ውስጥ ገብቶ ነበር። ካቻምናም እንዲሁ። ዘንድሮ የቀበሌ ሰው መጥቶ አይቶ፣ ቦታው ለሕይወቷ እንደሚያሰጋት፣ በዚህ ክረምት ውኃ ከገባ ቤቱ እንደሚፈርስና ወደ ጠዳ አቅጣጫ ሌላ ቦታ እንደምትዛወር ነግሯት ሄዷል። ሰውየው ክፉ እንዳልሆነ ራሷ ነገረችኝ፤ አዝኖላት ነው።

"ጠዳም ሸጋ አገር ነው" አለች። "ግን እታለም፣ ደንበኞቼ እዚህ ናቸው። መደቤን ደግሞ ቆፍሬ፣ ፍግ ተሸክሜ ነው ያቀናሁት። አፈሩን በጆንያ ይዤው ልሂድ?"

ክረምት ሊገባ አንድ ወር ቀርቶታል። የመጣሁበትን ዳገት በሩጫ ወጣሁ ብል ማጋነን አይሆንም።

ወንድሜ የሰፈራችን እድር ዳኛ ነው። እድራችን እስላሙንም ክርስቲያኑንም የያዘ፣ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ማንቆርቆሪያ፣ ለመቃብር ቁፋሮ የሚሆን አካፋና ዶማ ያለው የተከበረ እድር ነው። ከታች ያሉት ሰዎች አባል አልነበሩም። አትግቡ ያላቸው የለም፤ ግቡ ያላቸውም የለም።

"ጋሼ፣ ለእድሩ ንገርልኝና ቦዩን እንጥረገው" አልኩት።

"እድር ለቀብር ነው እንጂ ለቦይ አይደለም" አለኝ ጨርቅ እየለካ። "ደንቡን አንቢው።"

"ደንቡን ተወው፤ ፌስታልህን መጥተህ እይ!"

"እኔ ፌስታል ሰጠሁ እንጂ ጣሉት አላልኩ።"

ጨርቁን ከእጁ ቀምቼ የጣልኩት ይመስለኛል። እሱ "ወረወርሽው" ነው የሚለው።

በራሴ ልሞክር ብዬ ቀን መረጥኩ። ይህም ቀላል አይደለም። ዓርብ ለእኛ አይሆንም፤ እሑድ ለክርስቲያኖቹ አይሆንም፤ ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ከቀሩት ቀናት ደግሞ ግማሹ የአንድ ቅዱስ ቀን ስለሆነ አፈር የሚነካ የለም። ተጨንቄ ተጠብቤ አንድ ማክሰኞ አገኘሁ፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ከሥራ በፊት። ማስታወቂያ ጽፌ በየኤሌክትሪክ ምሰሶው ለጠፍኩ። በባጃጅ ላይ ማይክሮፎን አስጭኜ አስለፈፍኩ። ማክሰኞ ጠዋት የመጣነው እኔ፣ ጎመን ሻጯና ሦስት የታችኛው ሰፈር ሰዎች ነን። ከላይ የመጣው አንድ ውሻ ነው፤ እሱም ክምሩ ውስጥ የሚበላ ፈልጎ።

ደሜ ፈላ። ይህ ሰፈር እኮ ለለቅሶ ሲጠራ የቀረ ሰው ስሙ ሲነሣ የሚውልበት ሰፈር ነው! ለለቅሶማ ቀን አይመረጥ፣ ሥራ አለብኝ አይባል። እንዲህ እያልኩ ስናደድ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ።

የእድሩን ጥሩምባ የሚነፉት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሁላችንም "አያ" ነው የምንላቸው። ሰው ሲሞት ጎሕ ሲቀድ በየማዕዘኑ ቆመው ጥሩምባቸውን ይነፉና የት እንደሚደረስ ይናገራሉ። ቤታቸው ሄድኩ።

"አያ፣ ጥሩምባውን ለቦዩ ይንፉልኝ።"

"ምነው ልጄ፣ ጥሩምባ ለሰው ነው እንጂ ለፌስታል ይነፋል?"

የሴትዮዋን ነገር አስረዳኋቸው። ቤቷ ሊፈርስ መሆኑን ሲሰሙ ጥሩምባቸውን ከግድግዳው አወረዱ። ከዚያ "ዳኛው ያውቃል?" ብለው ጠየቁኝ። እዚህ ላይ ነው ኃጢአቴ፤ "ያውቃል" አልኳቸው።

የሚያውጁትን ከደብተሬ አነበብኩላቸው። "የእድር ሰዎች! የቦያችንን ጽዳት ለመጠበቅና የተደፈነውን ቱቦ ለመክፈት፣ አሁኑኑ ቱቦው አፍ፣ በጎመን ሻጯ ቤት ድረሱ። አካፋና ዶማ እንዳይቀር!" አንብቤ ስጨርስ ራሴን ወደድኩት።

"ረዘመ" አሉ አያ። "ጥሩምባ ረጅም ነገር አይወድም። ለምን እንደሆነ ጥሩምባው ራሱ ይናገራል፤ እኔ የት እንደሆነ ብቻ ነው የምለው።"

ባለሙያው እሳቸው ናቸው ብዬ ተስማማሁ። ነገሩን መለስ ብዬ ላስበው ይገባኝ ነበር። አላሰብኩትም።

በቀጠሯችን ጠዋት ጎመን ሻጯን ላስደስታት ብዬ ምንም ሳልነግራት፣ ከቤቷ ትንሽ ርቄ አስፋልቱ ዳር አካፋዬን ይዤ ቆምኩ። ጥሩምባው ከላይ ተሰማ። የሱብሒ ሰጋጆች ከመስጊድ የሚወጡበት፣ ኪዳን ያደረሱትም ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱበት ሰዓት ነው። ከጥሩምባው በኋላ የአያ ድምፅ ጥርት ብሎ ወረደ፤ "በጎመን ሻጯ ቤት፣ ቱቦው አፍ ድረሱ! አካፋና ዶማ ይያዝ!" በሩ ሁሉ ሲከፈት ሰማሁ። "ይኸው! ሕዝቤ ነቃ!" ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሕዝቤ እያለቀሰ መጣ።

መጀመሪያ ያየሁት ድንኳን የተሸከሙትን ጎረምሶች ነው። ከኋላቸው አግዳሚ ወንበር። ከዚያ የነጠላቸውን ጥለት ወደ ላይ አዙረው ሙሾ የጀመሩ ሴቶች፣ "ኢና ሊላሂ" እያሉ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ የሚወርዱ የእኛ ሽማግሌዎች፣ አካፋና ዶማ በትከሻቸው ያደረጉ መቃብር ቆፋሪዎች። ከፊት ከፊት ወንድሜ፣ ጋቢውን ለብሶ፣ ፊቱ ጠቁሮ። አንዱ ከኋላው "አባል ነበረች እንዴ?" ሲለው "ባትሆንስ! ጎረቤት አይደለችም?" ብሎ ሲቆጣው በጆሮዬ ሰማሁ። ያን ጊዜ ወንድሜን ወደድኩት፤ ወዲያው ደግሞ ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። ከአካፋዬ ኋላ መደበቅ ይቻል ይመስል አካፋዬን አቅፌ ቆምኩ።

ጎመን ሻጯ ዋይታውን ሰምታ ወጣች። የሰፈር ሰው ለቅሶ ይዞ ሲመጣ አይታ ጊዜ አላጠፋችም፤ ነጠላዋን አዙራ፣ ደረቷን እየመታች ሰዉ መካከል ገባች። ከፊቷ ያገኘቻትን አልቃሽ ትከሻዋን አቅፋ አብራት ትንሽ አለቀሰችና ጠየቀች፤

"ማን ነው የሞተው፣ እታለም?"

"ጎመን ሻጯ" አለቻት ሴትዮዋ ዐይኗን እየጠረገች። "ነፍሷን ይማረው።"

"የትኛዋ ጎመን ሻጭ?"

"ቱቦው አፍ ያለችው።"

"ቱቦው አፍማ ያለሁት እኔ ነኝ!"

ሴትዮዋ እሪ ብላ ወደ ኋላ ዘለለች፤ ከኋላዋ ያለውን የድንኳን ተሸካሚ ገፍታ ከነድንኳኑ መሬት ጣለችው። ከዚያ አንድ ሰው ከት ብሎ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለ፤ ሰፈሩ በሙሉ ዶማውን ተደግፎ እስኪያነባ ሳቀ። አያ ብቻ አልሳቁም። "የት እንደሆነ ተናግሬያለሁ" ይላሉ ለጠየቃቸው ሁሉ፣ "የቀረውን እሷን ጠይቁ።" ጣታቸው ወደ እኔ ነበር።

ወንድሜ ወደ እኔ መምጣት ጀመረ። እግሬ አውጭኝ ልል ስል ጎመን ሻጯ ቀደመችው። አሁንም እየሳቀች ነው፤ ግን የወደቀውን ድንኳን እያየች ነበር።

"ግን እውነት ሞቼስ ቢሆን" አለች፣ "ይኸን ድንኳን የት ትተክሉት ነበር?"

ሰው ሁሉ ዞር ዞር አለ። በቤቷና በቱቦው መካከል ያለው ክምር የበሯን ግማሽ ደርሷል። ሬሳ እንኳ ሊወጣበት የሚችል መንገድ አልነበረም። የራሳችን ልጣጭ፣ የራሳችን ገረባ፣ የራሳችን ቢጫ ፌስታል። አብዛኞቻችን እዚያ ቦታ ስንቆም የመጀመሪያችን ነበር፤ ያቺ አልቃሽ ደግሞ የምታለቅስላትን ሰው መልኳን እንኳ አታውቀውም።

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ አንዱን ፌስታል አነሣ። አገላብጦ አየው። ከዚያ ጋቢውን አውልቆ አጠፈና አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠ።

"ዶማ አቀብሉኝ" አለ።

እንዲህ ሆኖ የመቃብር ዶማ ሁሉ ቦዩ ላይ አረፈ። መቃብር ቆፋሪዎቹ ጉድጓድ መቆፈር ሙያቸው ነውና ቱቦውን እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ ባለሙያ ነው የያዙት፤ ሁለቱ ሲቆፍሩ ሁለቱ ያወጣሉ፣ ሲደክማቸው ይቀያየራሉ። ወንበሮቹ ቆሻሻ መደርደሪያ ሆኑ። ድንኳኑን ዘርግተን ፌስታሉን በላዩ ከመርንበት። ሴቶቹ በለቅሶ ማንቆርቆሪያ ሻይ አፈሉ። ለሐዘንተኛ ተብሎ ንፍሮ ቀቅላ የመጣች ነበረችና ጎመን ሻጯ የራሷን ንፍሮ እየዘገነች "ጨው አንሶታል" ብላ አሳቀችን። ወንድሜ ጭቃ እያወጣ በአጠገቤ ሲያልፍ "አንች ውሸታም፣ በኋላ እንነጋገራለን" አለኝ። እስከ ዛሬ አልተነጋገርንም።

ሦስት ሰዓት ሲሆን የቱቦው ጥቁር አፍ ብቅ አለ። አንድ ባልዲ ውኃ ብንደፋበት እየዘመረ ወደ ቀሃ ሄደ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ያን ቀን የሰፈራችን ሰው በሙሉ ከሥራ አርፍዶ ገባ፤ ስንጠየቅ ሁላችንም "ለቅሶ ነበረብን" አልን።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደ መጽሐፍ ቀጥ ያለ አይደለም። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ከታች ያሉት ሰዎች አባል ሆኑ፤ በየወሩ አንድ ጠዋት ቦይ እንዲጠረግ፣ የቀረም ሰው ከለቅሶ እንደቀረ እንዲቆጠር ተወሰነ። አያ ለቦይ ሲሆን ጥሩምባውን ሁለቴ አጠር አጠር አድርገው እንዲነፉ ብዙ ክርክር ተደረገ። ወንድሜ ጨርቁን እንደ ድሮው በወረቀት መጠቅለል ጀመረ፣ ደንበኛ ሲያጉረመርም ግን ቢጫውን ከጠረጴዛ ሥር ያወጣ ነበር፤ እየያዝኩት ነው ያስተወሁት። ጎመን ሻጯ ያፈላችውን የግራዋ ችግኝ ከተማሪዎቼ ጋር በቦዩ ዳርና ዳር ተከልን። ከችግኙ ግማሹን የእኛው ጎረቤት ፍየል በላችው። ሰማያዊውን ቀስት አሁን ስስል ከዳገት ወደ ቱቦ፣ ከቱቦ ወደ ቀሃ አደርገዋለሁ፤ "ከላይ ማን አለ? ከታችስ?" ብዬ እጠይቃለሁ።

ይህ ሁሉ ግን ዝናብ እስኪመጣ ድረስ ወሬ ነው። ቦዩ ቢጠረግም ውኃው እምቢ ካለ ቤቷ መፍረሱ አይቀርም፤ ይህን እሷም እኔም እናውቃለን።

ሐምሌ ገብቶ አንድ ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ። ከዚያ የወረደውን ዝናብ ዝናብ ማለት ያሳንሰዋል። ከመስኮቴ ቦዩ ሞልቶ፣ ቀልቶ ሲንደረደር ሳይ ጃንጥላዬን ይዤ በጎርፉ ጎን ቁልቁል ሮጥኩ። ጃንጥላዬ ከመታጠፊያው በፊት ተገለበጠ። ብቻዬን የምሆን መስሎኝ ነበር፤ ታች ስደርስ ግን የላይኛው ሰፈር ሰው ግማሹ ቀድሞኛል። አስፋልቱ ዳር፣ ላስቲክ የተከናነበው፣ ጃንጥላ የዘረጋው፣ ሁሉም ቆሞ የቱቦውን አፍ ያያል። ወንድሜ ረጅም እንጨት ይዞ ቱቦው ጋ ቆሟል፤ ቅጠል ሲጠጋ ይገፋል።

ውኃው ወጣ፣ ወጣ፣ የመደቡን ጠርዝ ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ቱቦው ዋጠው። ውኃው ለረጅም ጊዜ እዚያው ላይ ቆየ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወረደ። የቀበሌው ሰውም ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ መጥቶ ነበር። ቤቷ ውስጥ ገባ፣ ወለሉን በእጁ ዳበሰ፣ ወጣ። "ደረቅ ነው" አለ። "እዚሁ ትቀመጥ።" ልቅደው ብሎ ነው መሰለኝ የማፍረሻ ትእዛዙን ወረቀት ከኪሱ አወጣው፤ ዝናቡ ቀድሞ አሟሙቶት ነበር።

ሰው እልል አለ። እሷ በሩ ላይ ቆማ፣

"እታለም፣ ከወንድምሽ ጋር አንዴ ግቡልኝ" አለችን።

ገባን። ከዚያ በፊት ቤቷ ገብቼ አላውቅም። አልጋዋ በአራት ማዕዘኑ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነባብሮለት ወገቤ ድረስ ከፍ ብሏል። ለመውጫ የምትረግጠው ግንድ ከጎኑ አለ።

"እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ሰኔ ሲገባ እሰቅለዋለሁ፣ ጥቅምት ላይ አወርደዋለሁ" አለች። "ክረምቱን ቆጥ ላይ እንዳለች ዶሮ ነው የማድር። ዛሬ አውርዱልኝ።"

ዝናቡ ገና ጣሪያውን ይደበድባል። ወንድሜ በራስጌ፣ እኔ በግርጌ ያዝን፤ እሷ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ፈነቃቅላ አወጣች። አልጋው ወለሉን ሲነካ ተቀመጠችበት። ሁለቱን እግሮቿን አጠገብ ላጠገብ አድርጋ ደረቁ መሬት ላይ አሳረፈች፣ አየቻቸውም። ከዚያ በራሷ ለቅሶ ላይ እንኳ እንዲያ ያላለቀሰችውን አለቀሰች። ወንድሜ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። እኔ አጠገቧ ቁጭ አልኩና አብሬያት አለቀስኩ።

"በሐምሌ" አለችኝ እጄን ይዛ፣ "እግሬ መሬት ነካ።"